እማዬ የሌለችበት ገና



ይህን ምስክርነት የምንጽፈው ሦስት እህትማማቾችና ወንድም ነን። አራተኛው ማሙሽ ገና ፊደል እየቆጠረ ስለሆነ እሱንም ወክለን እንናገራለን። የምንኖረው አዳማ ነው። የምንነግራችሁ በ2017 ዓ.ም. ያሳለፍነውን የገና በዓል ነው። በዚያ ቀን ጌታ ስለ እናታችን ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችን ልብም አናግሮናል። ወላጁ ሩቅ አገር ሆኖ በዓል የሚያከብር ቤተሰብ ካለ ይጽናናበታል ብለን እናምናለን።

እማዬ ወደ ሪያድ የሄደችው በጥር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። አባዬ አናጢ ነው። ከጣሪያ ላይ ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ በኋላ አንድ ዓመት ያህል መዶሻ አላነሳም። ለሕክምናው የተበደርነው ብድር ነበር፣ የቤት ኪራይ ነበር፣ የጀመርነውና ጣሪያ ያልለበሰ ሁለት ክፍል ቤትም ነበር። እማዬ ሌሊት ሌሊት ተነሥታ ስትጸልይ እንሰማት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ "እሄዳለሁ" አለችን። አባዬ ቀና ብሎ አላያትም። ማሙሽ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቦርሳዋን ስታሰናዳ ጫማውን እያመጣ አብሮ ይከት ነበር።

ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ደመወዟ በወር 1000 ሪያል። ሥራዋ የቤት ሥራ፣ ማለት ማጽዳት፣ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና የሌላ ሰው ልጆች ማሳደግ። ስልኳን የምትከፍተው ሥራ ስትጨርስ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የምትደውለው ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። ሪያድና አዳማ ሰዓታቸው አንድ ነው። እዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትዘምራለች፤ እኛም አንዳንድ ጊዜ በስልክ እንቀበላታለን።

የመጀመሪያውን ገና አላከበርነውም። የ2016ቱ ገና ታኅሣሥ 28፣ እሑድ ቀን ነበር የዋለው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሽሮ በላንና በሩን ዘግተን ተቀመጥን። ጎረቤታችን እማማ አንድ ሳህን ዶሮ ወጥ በእንጀራ ሸፍነው ላኩልን። አባዬ ተቀብሎ አመሰገነና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እስኪመሽ ድረስ ማንም አልነካውም። የሚያሳዝነን ደስ አለማለታችን አይደለም። በዚያ ቀን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ "እንጸልይ" አለማለቱ ነው። እማዬ የሄደችው የቤቱን መሠዊያ ይዛ ይመስል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግን ለመድን። እዚህ ላይ ንስሐችንን መናገር አለብን። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ ስንጸልይ "ጌታ ሆይ እማዬን በሰላም መልስልን" እንል ነበር። እየዋለ እያደረ ጸሎቱ "ጌታ ሆይ እማዬን ጠብቅልን፣ ሥራዋን ባርክላት" ሆነ። ከዚያም ማንም ሳያስበው "ይህን የምትልክበትን መንገድ ክፈትላት" ወደሚል ወረደ። ብድሩ አልቆ ነበር። አባዬም ቀላል ቀላል ሥራ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ታላቃችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ስላልመጣላት የግል ኮሌጅ ክፍያ ታስባለች፤ ወንድማችን ስልክ ይፈልጋል፤ ሦስተኛዋ ጓደኞቿ የገቡበትን ትምህርት ቤት ትመኛለች። እናታችንን እንወዳታለን። ግን መምጣቷን ሳይሆን መላኳን መጠበቅ ጀምረን ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አባዬ ሰብስቦን ነገሩን አነሣው። የእማዬ ውል በጥር ያበቃል። ማዳሟ ሁለት ዓመት እንድትጨምርና ደመወዟንም 1200 ሪያል ልታደርግላት ጠይቃታለች። እማዬ የላከችው ቃል አጭር ነበር፦ "ልጆቹ ምን ይላሉ?"

ሦስታችንም የድምፅ መልእክት ላክንላት። ሦስታችንም ያልነው አንድ ነው፦ "አንቺ እንዳልሽ እማዬ።" ሲሰሙት መታዘዝ ይመስላል። እኛ ግን ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቅ ነበር። ሳትፈርጂብን ቆዪ ማለታችን ነበር። እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ለሁለት ቀን አልደወለችም።

ገና ሲቃረብ አባዬ "ዘንድሮ በዓሉን እናከብራለን" አለ። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። ታኅሣሥ 28 ሰኞ ጠዋት ወንድማችንን አስከትሎ ገበያ ወጣና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ፣ ሦስት ኪሎ ሽንኩርትና እንቁላል ይዞ ተመለሰ። ችግሩ ከመካከላችን ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። እማዬን በድምፅ ብንጠይቃት የመለሰችልን "ዐይናችሁ ያያል፣ ሲደርስ ታውቁታላችሁ" የሚል ነው። መጠን የላት፣ ደቂቃ የላት። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጇ ስትሠራው በቃል መናገር አልቻለችም።

በመጨረሻ እማማ መጡልን። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የነቢያትን ጾም ይዘው የመጨረሻው ቀን ላይ ነበሩ። ስለዚህ ወጡን መቅመስ አይችሉም። ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በሽታና በዐይን ብቻ አሠሩን። "ሽንኩርቱ ገና ነው፣ ጥሬ ጥሬ ይሸተኛል" ይላሉ። "አሁን በርበሬውን ጨምሩ፤ እንዳያርር ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ" ይላሉ። ዘይት ሳይገባ ቁሌቱን ለማብሰል ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ቅቤው ከገባ በኋላ እኛ እየቀመስን እንነግራቸዋለን፦ "ጨው አንሶታል እማማ።" እሳቸውም "ትንሽ ጨምሩና ደግሞ ንገሩኝ" ይሉናል። አባዬ ዶሮውን ሲገነጥል መገጣጠሚያውን ስለሳተ አሥራ ሁለት መሆን የነበረበት ብልት አሥራ አራት ሆኖ ተገኘ። እማማ ቆጥረው ከልባቸው ሳቁ። "ግድየለም፣ እግዚአብሔር ሁለት እንግዳ ሊልክላችሁ ነው" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ለሌሊቱ ቅዳሴ ወጡ።

በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር። እኚህ እናት እሳቸው የማይበሉትን ምግብ ግማሽ ቀን ሙሉ ቆመው አሠሩልን። ስለ ፍቅር ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ያን ቀን ግን በርጩማ ላይ ተቀምጦ አየነው።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቄጤማ ጎዝጉዘን፣ ድፎ ዳቦ ቆርሰን ማዕዱን አቀረብን። የእማዬ ቦታ ባዶ ነበር። ወንበሩን እናንሣው ወይስ እንተወው ብለን ተጨቃጭቀን በመጨረሻ ተውነው። አባዬ ከመብላታችን በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ገለጠ። ብዙ ጊዜ በበዓል ቀን የምታነብልን እማዬ ነበረች፤ አባዬ ሲያነብ ቀስ እያለ፣ ቃሉን በጣቱ እየተከተለ ነው። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 አነበበ። ከዚያም ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2ን ጨመረ።

የልደቱን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በሰንበት ትምህርት ቤት እረኛ ሆነን ተጫውተነዋል። በዚያ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ታየን። የመጀመሪያው ገና ራሱ ከቤት ርቆ የሆነ ነው። ዮሴፍና ማርያም ከናዝሬት ተነሥተው ቤተ ልሔም የሄዱት ወደው አልነበረም፤ የቄሣር ትእዛዝ ነው ያስኬዳቸው። ሕፃኑ የተወለደው ማደሪያ ባልተገኘበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላም ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ጌታችን ስደትን ከሩቅ ያየ አይደለም፤ በሕፃንነቱ ኖሮበታል። ስለዚህ በሪያድ ኩሽና ውስጥ ሰሐን የምታጥበውን እናታችንን ሲያያት የማያውቀውን ነገር አይደለም የሚያየው።

ፊልጵስዩስ ላይ ደግሞ ጳውሎስ ስለ ክርስቶስ ሲናገር፣ ያለውን ክብር ይዞ መቅረት ሲችል ራሱን ባዶ አድርጎ የባሪያን መልክ እንደ ያዘ ይነግረናል። አባዬ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ሚስቱን አስቦ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ "ሚስቱን ዐረብ አገር ልኮ እሱ ይቀመጣል" የሚል ሐሜት ለጆሮው ደርሶት ያውቃል፤ መልሶ አያውቅም። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋና እንዲህ አለ፦

"እግዚአብሔር እኛን ሲወደን ከሰማይ ሆኖ ስጦታ እየላከ መኖር ይችል ነበር። ዝናብ ይልክ ነበር፣ እህል ይልክ ነበር፣ ነቢያትን ልኳል። በመጨረሻ ግን ራሱ መጣ። ገና ማለት እሱ ነው።"

ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልጨመረም። እሱ ይህን ሲናገር ስለ እማዬ ውል ለመናገር አስቦ እንዳልነበረ በኋላ ነግሮናል። እኛ ግን ቀና ማለት አቃተን። "አንቺ እንዳልሽ" ያልናት ሦስታችንም ነን። ዝም ብለን ሳለ ማሙሽ እንጀራውን በእጁ ይዞ "እና እማዬስ መቼ ነው የምትመጣው?" ብሎ ጠየቀ።

ስለ ማሙሽ አንድ ነገር ብንነግራችሁ ይገባችኋል። ሰው "እማዬ የት አለች?" ብሎ ሲጠይቀው የአባዬን ስልክ ይጠቁማል። ለሱ እማዬ ማለት ማታ ማታ የምትበራ ፊት ናት። እኛ ያየነው እንደ ቀልድ ነበር፤ ለእንግዳም እያስደገምን ስቀንበታል። ያን ቀን ግን አላሳቀንም።

ወጡ ትንሽ ጨው በዝቶበት ነበር፤ በላነው። ቀትር ላይ ለማንም ያልነገርነው ነገር ሆነ። እማማ ያሉት ሁለት እንግዳ በእውነት መጣ፦ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ ቤተሰባቸው ገጠር ያለ ወንድማማቾች ናቸው፤ አባዬ ወጥቶ ጠራቸው። የእማዬን ወንበር አንዱ ተቀመጠበት። ባዶ ሆኖ ሲያስጨንቀን የዋለው ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ቀለለን።

ማታ 5 ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። ለሷ ተራ ማክሰኞ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላለች። ማሙሽ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ ስልኩ ዘረጋ፤ እሷም አፏን ከፍታ የበላች መሰለች። ከዚያ ታላቃችን ስልኩን ተቀበለችና፣ ሦስታችን አስቀድመን የተነጋገርነውን ነገረቻት፦ "እማዬ፣ 'አንቺ እንዳልሽ' ያልንሽ ውሸት ነው። ገንዘቡን ስለፈለግን ነው። ይቅር በይን። ነይልን።"

እማዬ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያም "ምን ልትበሉ ነው?" አለች። አላለቀሰችም፣ አልተደሰተችም። እናት ናት፤ መጀመሪያ የመጣላት እንጀራው ነው። አባዬ ስልኩን ተቀብሎ "አብረን የምንበላውን" አላት። ያን ሌሊት ምንም አልወሰነችም። "እጸልይበታለሁ፣ እናንተም ጸልዩ" ብላ ዘጋች። እኛም ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጀመሪያውን ጸሎታችንን ጸለይን፦ ጌታ ሆይ እማዬን መልስልን።

ነገሩ በማግስቱ አልተፈጸመም። ውሏን እንደማታድስ ከተናገረች በኋላም የመውጫ ወረቀቷ ለወራት ዘገየ። ፋሲካንም ያለ እሷ ነው ያከበርነው። ግን እንደ መጀመሪያው ገና በር ዘግተን አይደለም፤ ዶሮውንም በትክክል አሥራ ሁለት ገነጠልነው። እማዬ የገባችው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። ቦሌ ላይ ስትወጣ ሦስታችን ሮጥን። ማሙሽ ግን በአባዬ እግር ተከልሎ አንዴ እሷን አንዴ ስልኩን እያየ ቆመ። እስኪጠጋት ሁለት ሳምንት ፈጀበት። እማዬ አላስገደደችውም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ጭኗ ላይ ተቀመጠ።

ዛሬ ሀብታም አልሆንንም። ከሁለቱ ክፍል ጣሪያ የለበሰው አንዱ ብቻ ነው። ታላቃችን የግል ኮሌጁን ትታ ቀን እየሠራች ማታ በመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ትማራለች። እማዬ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ወር መጨረሻ ላይ የሚጨንቀን ጊዜ አለ፤ በዚያን ጊዜ "ምን ነበር ብትቆይ" የሚል ሐሳብ ብልጭ እንደሚል አንዋሻችሁም። ያን ጊዜ የዚያን ጠዋት ንባብ እናስታውሳለን።

ወገኖች ሆይ፣ ይህን የጻፍነው ወደ ሰው አገር የሄደችን እናት ወይም አባት ለመውቀስ አይደለም። እናታችን የሄደችው በፍቅር ነው፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ያገለገለችውም ለእኛ ነው። "ጸልዩ፣ ወዲያው ይመጡላችኋል" ለማለትም አይደለም። መመለስ የማይችሉ አሉ፤ በዚህ ዓለም ዳግም የማናያቸውም አሉ። ነገር ግን ከዚያ በዓል የተማርነውን እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ወላጅ የለም ብላችሁ በዓሉን አትዝጉት። የክርስቶስ ልደት በቤታችን ሙላት ላይ የተመሠረተ አይደለም። ወጡ ጨው ቢበዛበትም አክብሩት፤ መጽሐፍ ቅዱሱን የሚገልጠው ሰው ባይኖር ከመካከላችሁ አንዳችሁ ግለጡት።

ሁለተኛ፣ ለራቀው ሰው እውነቱን ንገሩት። "ደኅና ነን" ማለት ብቻ ፍቅር አይደለም። የናፈቃችሁትን፣ የበደላችሁትንም ንገሩት። እሱ ወይም እሷ በዚያ ሆነው የሚኖሩት እናንተ በምትነግሯቸው ቃል ነው።

ሦስተኛ፣ ባዶውን ወንበር ለሌላ ሰው አውሱት። በየግቢው በበዓል ቀን ብቻውን የሚውል ሰው አይጠፋም።

አራተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን መሪዎችና የሴል አስተባባሪዎች ሆይ፣ ከምእመናን መካከል ወላጅ ወደ ውጭ የሄደባቸውን ቤቶች ቁጠሯቸው። የዐሥራት ፖስታው ሲሞላ ስታዩ ልጆቹን ማን እንደሚያስተኛቸው ጠይቁ። አንድ ቀን በርጩማ ይዞ ኩሽናቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ጌታን ገና ያላወቃችሁና ይህን የምታነቡም፣ እኛ የምናመልከው አምላክ ከሩቅ የሚልክ ብቻ አይደለም። አማኑኤል የሚለው ስሙ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር መሆኑን ይናገራል፤ ወደ እኛ መጥቷል፣ ዛሬም ወደሚጠራው ይመጣል።

እንጸልይ። አባታችን ሆይ፣ ዛሬ ማታ በሰው ቤት ኩሽና ውስጥ ሆነው ልጆቻቸውን የሚያስቡትን እናቶች አስባቸው። በየበረሃውና በየሕንፃው የሚለፉትን አባቶች ጠብቃቸው። እቤት የቀሩትን ልጆች ልባቸውን ከስጦታው ይልቅ ወደ ሰጪው መልስ። መመለስ ለሚችሉት መንገድ ክፈት፤ መመለስ ለማይችሉት አንተ ራስህ ቅረባቸው። ልጅህን ስለላክልን እናመሰግንሃለን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።